የፍሬን ሸራ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት

መኪናዋ ትንሽ አርጅታለች። የፍሬን ሸራዋ አልቋል። ከዚያ ውጭ ምንም አልሆነችም። ሞላዋ ደህና ነው፣ ሾክ አብዞርበሯ ደህና ነው፣ ቡሾቿም ደህና ናቸው። ይህን አፍ ሞልቶ መናገር የሚቻለው ወደ ጋራዡ ከመግባቷ በፊት ባለሙያዎች አገላብጠው ስላዩዋት ነው።

ሹፌሩ እንደማንኛውም ደንበኛ ይገባል። ፍሬኑ እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ቁልፉን ያስረክባል፤ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። ፍሬኑ ብቻ እንዳልሆነ ይነገረዋል። ሌላም መቀየር ያለበት አለ።

ሰውዬው ግን ደንበኛ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ግዛት የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የላከው መርማሪ ነው። ጋራዡ ደግሞ ሲርስ የተባለው የታወቀ የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዲሴምበር 1990 እስከ ዲሴምበር 1991 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጉብኝት 38 ጊዜ ተደረገ።

«ዲለር ጋ ሰርቪስ ሳስገባ ከኢንስፔክሽኑ ምን ልጠብቅ?» ለሚለው ጥያቄ የሲርስን ጉዳይ ማንሳቴ ግር ሊላችሁ ይችላል። ሲርስ ዲለር፣ ማለትም የአምራቹን መኪና የሚሸጥና የሚጠግን ወኪል፣ አልነበረም። ያኔ መኪና አይሸጥም፤ ጎማ፣ ባትሪና ሰርቪስ ነበር የሚሸጠው። አሠራሩ ግን ዛሬ ዲለር ጋ ከምናየው ጋር አንድ ነው። መኪናውን የሚያየው አንድ ሰው፣ ለእርስዎ የሚነግርዎ ሌላ ሰው፣ የሁለቱም ደመወዝ ደግሞ ከሚገኘው ሥራ ጋር የታሰረ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ስለ ዲለር ቅሬታ ሲነሳ ነገሩ ብዙ ጊዜ የአፍ ሙግት ሆኖ ይቀራል። ባለመኪናው «ደህና ነበር» ይላል። ጋራዡ «አልቆ ነበር» ይላል። እቃው ተጥሏል። ማን ይፍረድ? በሲርስ ጉዳይ ግን መኪናዋ ስትገባ ምን ላይ እንደነበረች አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

ደመወዙ ሲቀየር

ሲርስ በአሜሪካኖች ዘንድ ተራ ሱቅ አልነበረም። ከጫማ እስከ ተገጣጣሚ ቤት በካታሎግ እየሸጠ በየገጠሩ ደጃፍ ያደረሰ ድርጅት ነው። ቺካጎ ውስጥ ስሙን የተሸከመው ሕንፃ ለብዙ ዓመታት ከዓለም ረጅሙ ነበር። አያት የገዛበት ሱቅ፣ አባት የገዛበት ሱቅ። ሰዉ ከሲርስ ሲገዛ ብዙ አይጠራጠርም ነበር።

1990 ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ትርፉ አሽቆለቆለ። በዚያው ሰሞን ዎልማርት ከኋላ መጥቶ አለፈው። አለቆቹ ወጪ መቀነስ፣ ከእያንዳንዱ ክፍልም የበለጠ ገቢ ማውጣት ፈለጉ። በመላ አገሪቱ 850 ገደማ የሚሆኑ የመኪና ሰርቪስ ማዕከላት ነበሯቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብቻ 72። ዓይናቸው እዚያ ላይ አረፈ።

የወሰዱት እርምጃ ሲያዩት ምንም ክፋት ያለበት አይመስልም። ደንበኛ ተቀብለው የሚያነጋግሩት ሰርቪስ አድቫይዘሮች ከሸጡት ላይ ኮሚሽን እንዲያገኙ ተደረገ። በዚያ ላይ ኮታ ተጣለባቸው። ኮታው ደግሞ በእቃ ዓይነት የተከፋፈለ ነው። በአንድ ፈረቃ ይህን ያህል ሞላ፣ ይህን ያህል ሾክ አብዞርበር፣ ይህን ያህል አላይመንት፣ ይህን ያህል የፍሬን ሥራ። ካልሞላህስ? ሠራተኞቹ እንደተናገሩት የሥራ ሰዓትህ ይቀነሳል፣ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለህ።

መካኒኮቹም አልቀረላቸውም። ዝቅተኛው የሥራ መጠን ከፍ አለ። ብዙ የሠራ ብዙ እንዲያገኝም ማበረታቻ ተጨመረ። ሳን ብሩኖ በሚባል ከተማ የነበረ አንድ መካኒክ በቀን 16 መኪና ዘይት የመቀየር ኮታ አልሞላህም ተብዬ ተባረርኩ ብሎ ድርጅቱን ከሷል። አሥራ ስድስት! ስምንት ሰዓት ለአሥራ ስድስት ሲካፈል ለአንድ መኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ማንሳት፣ ማፍሰስ፣ ፊልትሮ መፍታት፣ መሙላት፣ ማውረድ፣ እጅ መታጠብ።

ሰው አጭበርብሩ የሚል ደብዳቤ መጻፍ አላስፈለገም። አንድ ሰው ትናንት የለበሰ ሞላ አይቶ «ገና ነው» ይል ነበር። ዛሬ ያንኑ ሞላ ሲያይ ፈረቃው ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል፣ ኮታው ሁለት ሞላ ጎድሎታል፣ ቤት ኪራይ አለበት። ሞላው አልተቀየረም። የሚያየው ዓይን ነው የተቀየረው። አንዳንዱ ሌባ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ግን ራሱን አሳምኖ የሚሸጥ ሰው ይመስለኛል፤ ራሱን ያሳመነ ሰው ደግሞ ከሌባ ይልቅ ያሳምናል።

38፣ 34፣ ከዚያም 10 እና 7

የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት ነገሩን የጀመረው ቅሬታ ስለበዛበት ነው። የመኪና ጥገናን የሚቆጣጠር ቢሮ አለው። ቢሮው የቆመው በ1971 በወጣ ሕግ ሲሆን ጋራዥ ፈቃድ የሚያወጣውም የሚነጠቀውም በእሱ በኩል ነው። ቅሬታ ተቀብሎ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይችል ነበር። እነሱ ግን መኪና አዘጋጁ። ፍሬናቸው ያለቀ፣ ሌላው ነገራቸው የተፈተሸና ደህና የሆነ መኪናዎች። ከዚያ ወደ 27 የሲርስ ማዕከላት ላኳቸው።

ከ38ቱ ጉዞዎች በ34ቱ ላይ የማያስፈልግ ተጨማሪ ሥራ ያስፈልጋል ተባለ። አላግባብ የተጠየቀው ገንዘብ በአማካይ 223 ዶላር ነበር። በ1991 ዋጋ መሆኑን አትርሱ። ከሁሉ የባሰው ኮንኮርድ የተባለ ከተማ ውስጥ የሆነው ነው። እዚያ የገባው መርማሪ ከፍሬን ሸራ ሌላ የፊትና የኋላ ሞላ፣ የኮንትሮል አርም ቡሽም ተቀየረልህ ተብሎ 585 ዶላር ከፈለ።

ይህ ራሱ ከባድ ነው። እኔን ያቆመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሲርስ አሳወቀ። ምርመራ እያደረግንባችሁ ነው፣ ያገኘነው ይህን ይመስላል አለ። ከዚያ በኋላ መርማሪዎቹ ተመልሰው ወደ 10 ማዕከላት ሄዱ። በ7ቱ ያው ነገር ደገማቸው።

እስቲ አስቡት። ፖሊስ በሩ ላይ እንደቆመ እያወቀ የሚሰርቅ የለም። እዚህ ግን ሰባት ማዕከላት ቀጠሉ። አለቃው ቢያውቅም፣ ቺካጎ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ቢጨነቅም፣ ጠረጴዛው ጋ የቆመው ልጅ ደመወዝ የሚቆጠርለት ያው በድሮው መንገድ ነበር። ማስጠንቀቂያው እሱ ጋ ሲደርስ አንድ ወረቀት ነው። ኮታው ግን በየፈረቃው ይመጣል።

ሰላዮቹ ብቻ አይደሉም የደረሰባቸው። ስቶክተን ውስጥ አንዲት ሴት በኦክቶበር 1991 ሲርስ ገባች። የመኪናሽ ስትራት (ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ የያዘው ክፍል) መቀየር አለበት፣ 419 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው አሏት። እሺ ብላ አልፈረመችም። መኪናዋን ይዛ ሌላ ቦታ ሄደች። እዚያ ደግሞ ስትራቱ ምንም አልሆነም ተባለች። ተናዳ ተመለሰች። መካኒኩም መሳሳቱን አመነ። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው፦ ቁልፏን ተቀብላ ወጣች። ስንቶቻችን ነን ይህን የምናደርገው? መኪናው ተነስቷል፣ ጎማው ተፈቷል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መውሰድ አለ፣ ሰውዬው ደግሞ «ለደኅንነትዎ ነው» ይላል። «ለደኅንነትዎ» የምትለው ቃል ከተነገረች በኋላ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ቤተሰብ የሚጫንበት መኪና ነዋ!

ሲርስ ምን አለ?

ጁን 1992 ላይ ካሊፎርኒያ ጉዳዩን አደባባይ አወጣችው። የ72ቱንም ማዕከላት ፈቃድ ልነጥቅ ነው አለች። ኒው ጀርሲም ተከትላ ተመሳሳይ ውንጀላ አቀረበች። ውሎ ሲያድር ከ40 በላይ በሚሆኑ ግዛቶች ቅሬታና ክስ ተነሳ።

ሲርስ መጀመሪያ ተቆጣ። ምርመራው ጉድለት አለበት አለ። መሥሪያ ቤቱ በጀት ሊቀነስበት ስለሆነ ስም ለማውጣት ያደረገው ፖለቲካ ነው ሲልም ጠበቃው ተናገረ። ይህኛው ብዙም አያስኬድም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ግን ቁም ነገር አለው። መኪናዎቹ ያረጁ ናቸው፣ የመልበስ ምልክት ይታይባቸዋል፣ እኛ ደግሞ የምንመክረው ሳይሰበር በፊት የሚደረግ ጥገና ነው አሉ። እውነት ነው፤ ቅድመ ጥገና የሚባል ነገር አለ። እስኪሰበር የሚጠብቅ ሰው መጨረሻ ላይ እጥፍ ይከፍላል። ታዲያ መስመሩ የት ነው? «ቢቀየር ጥሩ ነው» የሚለው የትጋ አልቆ «መቀየር አለበት» የሚለው የትጋ ይጀምራል? ሲርስ ለሠራተኞቹ ይህን መስመር አላሰመረላቸውም። ኮታ ሰጣቸው እንጂ።

እኔ ለራሴ የማሰምረው መስመር አለ። አንዳንድ የመኪና ነገር በቁጥር ይነገራል። አንዳንዱ በቅጽል ነው።

የፍሬን ሸራ በቁጥር ይነገራል። አዲስ ሲሆን ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። 3 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ይቀየር ይባላል። ጎማም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ ጥርሱን በኢንች 32ኛ ይለኩታል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 2/32 ነው፣ 1.6 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ባትሪም በመሣሪያ ተፈትሾ ቁጥር ያወጣል፤ ያንን ባትሪው ላይ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ነው።

ቅጽል የሚባለው ደግሞ ይህ ነው፦ ሾክ አብዞርበሩ «ደክሟል»። ሞላው «ሰንፏል»። ዘይቱ «ጠቁሯል»። ፊልትሮው «ቆሽሿል»። ሁሉም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የፊልትሮ ሥራው መቆሸሽ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ነው የሚያሳስበው። ግን ስንት ያህል? ከምን አንጻር?

ኋላ ላይ በስምምነቱ ካሳ የተቆረጠላቸውን እቃዎች ስመለከት ይኸው ነገር ይታየኛል። ሞላ አለ፣ ሾክ አብዞርበር አለ፣ የፍሬን ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር አለ። ሚሊሜትሩ የሚታወቀው የፍሬን ሸራ አይደለም የሰዉን ኪስ ያራቆተው። ቅጽሎቹ ናቸው።

ዛሬ ዲለር ጋ

አሁን መኪናችሁን ዲለር ጋ ለዘይት ስታስገቡ ሳትጠይቁ በነፃ ኢንስፔክሽን ይደረግላችኋል። ወረቀቱ፣ ወይም በስልክ የሚላከው ሪፖርት፣ ሦስት ቀለም አለው። አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ ይታሰብበት፣ ቀይ አሁኑኑ። አንዳንዱ ከመኪናው ሥር ቪዲዮ አንስቶ ይልካል። ቪዲዮው ጥሩ ነገር ነው። ቢያንስ የእናንተው መኪና መሆኑን ታርጋውን አይታችሁ ታውቃላችሁ።

ነፃ የሆነው ለምንድን ነው? መካኒኩ በብዙ ዲለሮች የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ በመጽሐፍ የተቆረጠለት ሰዓት አለው። የሁለት ሰዓት ሥራ ተብሎ የተመዘገበውን በአንድ ሰዓት ቢጨርስ የሁለት ሰዓት ይከፈለዋል። በሦስት ሰዓት ቢጨርስም ያው የሁለት ነው። ኢንስፔክሽኑ ራሱ ትንሽ ወይም ምንም አይከፍለውም። የሚከፍለው ከኢንስፔክሽኑ የሚወጣው ሥራ ነው። አድቫይዘሩም ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ድርሻ አለው። የሲርስ ነገር አልጠፋም ማለት ነው፤ ይልቁንም የሙያው የተለመደ አከፋፈል ሆኗል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስህተት ጠብቁ። አንደኛው ያልተበላሸውን ተበላሸ ማለት ነው። ሁለተኛው ብዙ አይወራለትም፤ ምንም ሳያዩ አረንጓዴ ሁሉ ላይ ምልክት ማድረግ። ለማይከፈልበት ሥራ ማን ጎማ ይፈታል? ጎማው ሳይፈታ፣ በቸርኬው ቀዳዳ ተመልክቶ «የኋላ ፍሬን አረንጓዴ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ወረቀቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ቁጥር ከሌለበት ደስ አይበላችሁ።

እንበል ስልካችሁ ላይ መልእክት መጣ። «የኋላ ፍሬን ቢጫ ነው፣ ዛሬ ብናደርገው ይሻላል።» የምትጠይቁት አጭር ነው። ስንት ሚሊሜትር ነው? ግራና ቀኙ እኩል ነው? ባለፈው ስመጣ ስንት ነበር? መልሱ 5 ከሆነና ከስድስት ወር በፊት 6 ከነበረ፣ ዛሬ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ግራው 6፣ ቀኙ 2 ከሆነ ግን ሌላ ችግር አለ፤ ካሊፐሩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ሸራ መቀየር ብቻውን አያድንም። ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ደግሞ የአድቫይዘሩ ድምፅ ራሱ ይቀየራል። መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም። ከማን ጋር እንደሚያወራ ስላወቀ ነው።

የአየር ፊልትሮው ትዕይንት ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቡና ይዘን በተቀመጥንበት የቆሸሸ ፊልትሮ እንደ ሙት ወፍ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ የሚመጣው ሰውዬ። ቅጠል አለበት፣ አቧራ አለበት፣ አንዳንዴ ጉንዳንም አይጠፋም። ልብ ይነካል። የካቢን ፊልትሮ በብዙ መኪና ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለውን ሳጥን ከፍቶ አውጥቶ የሚተካ ነገር ነው። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው፣ ቤት ውስጥ ይቻላል። የሞተሩም ያን ያህል አያስቸግርም።

ከአድቫይዘሩ ምክር በፊት የሚቀድመው መኪናውን የሠራው ኩባንያ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ዲለሩ «የሚመከር» ብሎ በራሱ ያወጣው ዝርዝርና አምራቹ ያወጣው ዝርዝር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የነዳጅ መስመር ማጠቢያ፣ የሞተር ማጠቢያ፣ ይህን ማጠቢያ ያንን ማጠቢያ ሲሏችሁ መጽሐፉ ላይ በዚህ ማይል የሚል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዷችሁ።

መጽሐፉ ደግሞ ሁልጊዜ ለእናንተ ኪስ አያደላም። ለብዙ ቶዮታዎች በሲንተቲክ ዘይት 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ይላል። መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው እስቲከር ብዙ ጊዜ 5,000 ነው የሚለው። አጭበረበሩን እንዳትሉ መጽሐፉ ላይ ታች ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። እንደ ታክሲ ወይም እንደ ቤት ለቤት አድራሽ ረጅም ሰዓት ቆሞ የሚሠራ፣ በዝግታ የሚነዳ መኪና ከሆነ 5,000 ማይል ወይም 6 ወር ነው ይላል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለእነሱ እስቲከሩ ልክ ነው። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን፣ እሁድ ሱፐርማርኬት ለምትሄድ መኪና ግን የሚይዘው 10,000 ማይሉ ወይም 12 ወሩ ነው።

ስጋት የሚፈጥር አንድ ወሬ አለ፦ «ዲለር ጋ ካላሠራህ ዋራንቲህ ይሰረዛል።» አሜሪካ ውስጥ ይህ እውነት አይደለም። በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ አምራቹ ሰርቪስ እኔ ጋ ብቻ ካልተሠራ ብሎ ዋስትናውን እንዲከለክል አይፈቅድለትም። ደረሰኝ መያዝ ግን የእናንተ ፈንታ ነው። ያለ ደረሰኝ ዘይት ቀይሬያለሁ ማለት የአፍ ሙግት ነው፤ ያ ደግሞ የት እንደሚያደርስ አይተናል።

ዲለር ጋ የግድ የሚኬድበትም አለ። የደኅንነት ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለማስተካከል የሚያወጣው ጥሪ) በነፃ የሚሠራው እዚያ ነው፣ መኪናው 15 ዓመት ካልሞላው። የሻንሲ ቁጥሩን አይተው ያልተሠራ ሪኮል ካለ እንዲነግሯችሁ በገባችሁ ቁጥር ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ሳይነሳ ሊታለፍ ይችላል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው አንድ ልማድ ይዞ ይመጣል። መካኒኩ እቃ ይቀየር ሲል ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ወርዶ ራሱ ይገዛል፤ ሥራው ሲያልቅም «አሮጌው የታለ?» ይላል። አሜሪካ ሲመጣ ይህን ማለት ያፍራል። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ሰዉ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቡናው ነፃ ነው፤ ያረጀ የፍሬን ሸራ ስጡኝ ማለት ነውር ይመስለዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ በሕግ የተጻፈ መብት ነው። ሥራውን ስታዙ አሮጌውን እቃ እፈልጋለሁ ካላችሁ ሊሰጧችሁ ይገባል፤ ለአምራቹ ወይም ለአከፋፋይ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሊያሳዩአችሁ። ከመሥራታቸው በፊት የዋጋ ግምት መስጠት፣ ከግምቱ በላይ ለመሄድ ደግሞ የእናንተን ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። የሶማሌ ተራው ልማድ አያሳፍርም፣ ያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ አትቀላቅሉ። አገር ቤት ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ፣ ቨርጂኒያ ውስጥም በየዓመቱ የሚደረገው የደኅንነት ምርመራ የመንግሥት ነው። ያለፈና የወደቀ ይባላል። የዲለሩ ባለሦስት ቀለም ወረቀት ግን ምክር ነው። ቀይ ስለተጻፈበት ሕግ የጣሳችሁ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አልጣሳችሁም።

ይህን ሁሉ አንብቦ ማንንም የማያምን ሰው እንዳይወጣ ደግሞ እፈራለሁ። ሁሉን እምቢ የሚል አውቃለሁ። ሸራው 2 ሚሊሜትር ነው ሲሉት «ሌቦች» ብሎ ይወጣል። ሸራው ያልቅና ብረት ከብረት ይገናኛል፣ ዲስኩ ይቦረቦራል። አሁን ሸራም ዲስክም ነው የሚገዛው።

ኩፖኑ

ወደ ሲርስ እንመለስ። ዜናው በወጣ በሳምንታት ውስጥ የሰርቪስ ማዕከላቱ ሽያጭ በአገሪቱ በ15 በመቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ20 በመቶ ወደቀ። የሲርስ ቁጣ በረደ። የድርጅቱ ሊቀ መንበር ኤድዋርድ ብሬናን ወጥቶ ተናገረ። ሰው ለማታለል አላሰብንም አለ፤ ግን ያቆምነው የአከፋፈልና የግብ አሰጣጥ ሥርዓት ስህተት የሚፈጠርበትን ሁኔታ አመጣ ሲል አመነ። በየጋዜጣው ሙሉ ገጽ ገዝተው ለደንበኞች ደብዳቤ አወጡ።

የአድቫይዘሮቹ ኮሚሽን ቀረ። በእቃ ዓይነት የሚሰጠው ኮታ ቀረ። ደንበኛ መስሎ የሚገባ የራሳቸው ተቆጣጣሪ መላክ ጀመሩ። የመንግሥቱን ዘዴ ወሰዱ ማለት ነው፤ ይህ ከሁሉ ብልህ ውሳኔያቸው ነበር።

በሴፕቴምበር 1992 ተስማሙ። ካሊፎርኒያ ለምርመራና ለሕግ ወጪዋ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አገኘች፤ ለመካኒኮች ሥልጠና ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ተሰጠ። ፈቃዱ አልተነጠቀም። ከ1990 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ከእነዚያ እቃዎች አንዱን ላስገጠሙ ደንበኞች ሁሉ የ50 ዶላር ኩፖን ቀረበላቸው። ኩፖኑ የሚመነዘረው እዚያው ሲርስ ነው። የተቀየመ ሰው ካሳውን ለመቀበል ወዳስቀየመው ሱቅ ተመልሶ መግዛት አለበት። ኮንኮርድ ላይ 585 ዶላር የተከፈለበት ደረሰኝ ቢሆንም ኩፖኑ ያው 50 ነው።

የስቶክተኗ ሴት መኪናዋን ይዛ ከወጣች በኋላ የከነከናት አንድ ነገር እንደነበር ተናግራለች፤ ይህ ስንት ሰው ላይ ደርሶ ይሆን የሚል። ኩፖኑ የቀረበላቸው ደንበኞች ቁጥር 933,000 ገደማ ነበር። ሁሉም ተታለዋል ማለት አይደለም። ከእነሱ ውስጥ ሞላው በእርግጥ ሰንፎ የነበረ አለ፣ ሾክ አብዞርበሩ ያፈሰሰም አለ። የትኞቹ እንደሆኑ ግን የሚያውቅ የለም። የእነሱን መኪና ከመግባቱ በፊት የፈተሸው አልነበረም፤ አሮጌው እቃም ተጥሏል።